የካዕቡ ክንድ

ደብረ ብርሃን፣ የኅዳር ሌሊት፤ ውርጩ መስኮቱን ሲልስ፣
እኔ አንዲት «ለ» ይዤ፣ እግሯን ሳስረዝም፣ ሳሳጥር፣ ስመልስ።
ሥራው ሲያወሩት ቀላል ነበር፤ አንድ መጽሐፍ የሚታተም፤
ገጹን ሳየው ግን ገበያ ነው፣ ሰው በሰው ላይ የሚተም፤
ከመሐል ግእዙ፣ ከግራ ከቀኝ ትርጓሜው፣ ከግርጌ ማስታወሻው፣
«አንድም» ይላል፣ ደግሞ «አንድም»፤ የት እንደሆነ እንጃ መድረሻው።
አሳታሚው፣ አቶ ሽመክት፣ «ወረቀት ተወዷል» አለኝ፤
ሰባት ነጥብ፣ ከዚያ እንዳላልፍ፣ በጣቱ እየቆጠረ አሳየኝ።

በሰባት ነጥብ ፊደል ምን ይሆናል?
ዐይኑ «ዐ» ቀለም ይጠጣና ይታወራል፤
ፀሐዩ «ፀ» መቀነቱ ይጠፋበትና ከ«ዐ» ጋር ይምታታል፤
የሐመሩ «ሐ» ሦስት እግር ተጣብቆ እንደ ግንድ ይገተራል።
ጫማ ሰፋሁላቸው፤ ለየእግሩ ጫፍ ስስ ጫማ፣ መስመሩን የሚረግጥበት፤
ስንት ዓይነት እግር አለ! ቀጥ ያለ፣ የተሰበረ፣ ቀለበት የገባበት።
ቦታ ስላነሰኝም፣ ሁለት ነጥቡን ከየቃሉ መሐል ነቀልሁ፤
ዛሬ ማን ያስታውሰዋል ብዬ፣ ጠባብ ባዶ ቦታ ተከልሁ።

ናሙናውን ሰላ ድንጋይ ወሰድሁት፣ ለየኔታ ላቀው፤
መነጽራቸው አንድ እግሩ ተሰብሮ በክር የታሰረው።
ከደጃፍ፣ ከካቡ ጥግ፣ ገጹን ወደ ፀሐይ አዘንብለው፣
መስመር በመስመር በጣታቸው ተከትለው፣
«በደለ፤» አነበቡ፤ «ስለዚህም ሁሉም ተቀጡ።»
ዝም አሉ። ወደ ኋላ ተመለሱ። ደግመው ወደ ፊት መጡ።
«አንዱ በድሎ ሁሉን ያስቀጣው፣ ማነው ይህ ሰው?»
ጎንበስ ብዬ አየሁ። «በደሉ» ነበር። ቀለሙ ነው ክንዱን የጨረሰው፤
ፀጉር የምታህል ቅጥያ፣ ከ«ሉ» ወገብ ላይ የወጣች፣
ማተሚያው ሲጫናት እንደ ጤዛ የጠፋች።
«የካዕቡን ክንድ ቆርጠሽ» አሉኝ፣ ሳይቆጡ፣
«የብዙዎቹን ዕዳ ባንድ ሰው ጫንሽ። እነሱ አመለጡ።»

ቀጥለው፣ «በሩስ?» አሉ። «የምን በር?»
«ቃል የሚገባ የሚወጣበት፤ ሁለት ነጥብ ነበር።»
መልስ አልነበረኝም። ካቡን በመዳፋቸው መታ መታ አድርገው፣
«አባቴ ሲክበው ጭቃ አላስገባም፤ ነፋስ ነው ያቆመው።
የጎረቤቱ ጥፍጥፍ ነበር። ሐምሌ ላይ ውሃ ቋጥሮ አበጠ፤
ሌሊት ነው የተናደው፤ ጥጃ ዋጠ።»

ስመለስ ጣርማ በር ላይ ጉሙ መንገዱን ዋጠው፤
ከፊታችን አንድ የጭነት መኪና፣ ቀስ እያለ የሚያዘግመው፣
ኋላው ላይ የተጻፈውን ሙሉ ፊደል ማየት አልቻልሁም፤
ጫፍ ጫፉ ብቻ፤ እግር፣ ክንድ፣ ራስ። ግን ማንበብ አልተሳነኝም።
«ቀስ በል፣ ትደርሳለህ»።
ሹፌራችን ሳቀ፤ «ለራሱ ነው የጻፈው።»
እኔ አልሳቅሁም፤ ማስታወሻዬ ላይ ጫፍ ጫፉን እገለብጣለሁ።

ታኅሣሥንና ጥርን ክንድ ሳስረዝም ከረምሁ፤ የ«ሉ»ን፣ የ«ቡ»ን፣ የ«ሱ»ን፤
ዐይኑን «ዐ» እስኪያይ ከፈትሁለት፤ ለ«ፀ»ም መለስሁለት መቀነቱን።
ሁለት ነጥቡም ገባ፤ ትንንሽ፣ እንደ ሁለት ጠጠር፤
መጽሐፉ በአርባ ገጽ ወፈረ። አቶ ሽመክት ጮኸ። እስከ ማታ ድረስ ነበር።
ጮኸና ከፈለ።
(«ከፈለ» ነው፤ «ከፈሉ» አይደለም። ብቻውን።)
አሁንም «ጸ» እና «ጰ» ሲጎራበቱ ደስ አይለኝም፤
ራሳቸው ይመሳሰላል። መላ አላገኘሁለትም።

መጋቢት ላይ እንደገና ሰላ ድንጋይ፤ ያው ካብ፣ ያው ክር፣ ያው መነጽር፤
ጠበቅሁ፣ ስለ ክንዱ፣ ስለ ጫማው አንድ ነገር ቢሉ፣ ቢቀር
«በሩ ተከፈተ» እንኳ ቢሉኝ ብዬ። የኔታ አነበቡ፣ ገለጡ፣ አነበቡ፤
ከሦስተኛው «አንድም» ሲደርሱ ግን ደማቸው ፈላ፣ ቅንድባቸውን ሰበሰቡ፦
«ይህ ልክ አይደለም! ማነው እንዲህ የፈታው? ከየት ነው ያመጣው?»
ከሌለ ሰው ጋር ተጣሉ፤ ፊደሉን ማን ያስታውሰው!
ጣታቸውን አየሁት፤ ከመስመሩ ላይ ተነሥቶ፣
አየር ላይ ይከራከራል፣ ገጹን ረስቶ።